ካይንድ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ዘመድ ከሚለው ትርጓሜ ደግ ወደሚለው እንዴት እንደ ደረሰ

ሰው ሁሉ ወላጅና የትውልድ ስፍራ እንዳለው፥ ቃልም ወላጅና የትውልድ ስፍራ አለው። ሰው ከልጅነት ወደ ሽምግልና ሲሄድ ጠባዩ እንደሚለወጥ፥ ቃልም ከዘመን ወደ ዘመን ሲተላለፍ ትርጓሜው ይለወጣል። አንዳንዱ ቃል በጎ ሆኖ ተወልዶ ውሎ አድሮ ይከፋል፤ አንዳንዱም ጠባብ ሆኖ ተወልዶ ውሎ አድሮ ይሰፋል።

እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያገኛቸው ቃላት አንዱ «ካይንድ» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አራት ፊደል ብቻ ነው። ለማንበብም ለመጻፍም አያስቸግርም። ነገር ግን በውስጡ ብዙ ትምህርት አለ። በዚህ ንባብ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩። ቃሉ ዛሬ ምን ማለት እንደ ሆነ

«ካይንድ» ዛሬ ሁለት ዋና ትርጓሜ አለው።

አንደኛው ትርጓሜ ዓይነት ወይም ወገን ማለት ነው። ጤፍ፥ ገብስ፥ ስንዴና ማሽላ ሁሉም እህል ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው አንድ «ካይንድ» ነው። ወይራና ዝግባ ሁለቱም ዛፍ ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊ ከዚያ በፊት ያላየውን ዛፍ ባየ ጊዜ፥ ይህ ምን «ካይንድ» ዛፍ ነው? ብሎ ይጠይቃል። «ማን» ሰው ማለት ነው፤ «ማንካይንድ» ሲሉም የሰው ወገን፥ የሰው ልጅ ሁሉ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ትርጓሜ ደግ፥ ቸር፥ ርኅሩኅ ማለት ነው። አንዲት ሴት ለተጠማ መንገደኛ ከእንስራዋ ቀድታ ብታጠጣው፥ «ካይንድ» ናት ትባላለች። አንድ ተማሪ ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ እጁን ይዞ ወንዝ ቢያሻግረው፥ «ካይንድ» ነው ይባላል። ከዚህም ቃል ሌሎች ቃላት ይወጣሉ። «ካይንድነስ» ደግነት ነው። ከፊቱ «አን» ቢጨመርበት ነገሩ ይገለበጣል፤ «አንካይንድ» ርኅራኄ የሌለው ማለት ነው። «ካይንድሊ» በደግነት ማለት ነው፤ በደብዳቤ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እባክዎ እንደ ማለት ሆኖ ይገባል።

ንቁ ተማሪ ይህን በሰማ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ ዓይነትና ደግነትን ምን አገናኛቸው? የእህሉ ዓይነትና የሴቲቱ ቸርነት እንዴት በአንድ ቃል ተጠሩ? ይህን ለማወቅ ወደ ቃሉ ትውልድ መመለስ ያስፈልጋል።

፪። የቃሉ ትውልድ

ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አንግሎችና ሳክሶኖች የተባሉ ነገዶች ዛሬ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ ከሚባለው አገር ተነሥተው፥ በባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ ደሴት ገቡ። የዛሬው እንግሊዝኛ መሠረቱ የእነርሱ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ዘመድንና ነገድን የሚያመለክት አንድ ቃል ነበረ፤ እርሱም ዛሬ «ኪን» ተብሎ ይነገራል። «ኪን» የሥጋ ዘመድ ማለት ነው። ከእርሱ ጋራ በሥር የሚገናኝ ሌላ ቃል ደግሞ ነበረ፤ የዚያም ትርጓሜ ልደት፥ የተፈጥሮ ጠባይ፥ ወገን ማለት ነበረ። «ካይንድ» የተወለደው ከዚህ ነው።

የቤተ ዘመዱ ብዛት የሚያስደንቅ ነው። «ኪንድረድ» የሚለው ቃል ቤተ ዘመድ ማለት ነው፤ ከ«ኪን» የወጣ ነው። ንጉሥ የሚባለው «ኪንግ» እንኳ ከዚሁ ከ«ኪን» እንደ ወጣ ብዙዎች ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የነገዱ ልጅ እንደ ማለት ነው። ጀርመኖችም ሕፃንን «ኪንት» ይሉታል፤ ሕፃናት ሲበዙ «ኪንደር» ይባላሉ። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለው የጀርመን መምህር ለታናናሽ ልጆች ያቋቋመውን የትምህርት ቤት በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የሕፃናት አትክልት ስፍራ ማለት ነው። ይህም ስም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ብዙ ቋንቋዎች ገብቷል።

ነገር ግን በድምፅ የሚመስል ሁሉ ዘመድ አይደለም። እሳት ማቀጣጠል «ኪንድል» ይባላል፤ ይህ ቃል «ካይንድ»ን ቢመስልም ከሌላ ሥር፥ ከጥንት ሰሜናውያን ቋንቋ የመጣ ነው። ስለዚህ ተማሪ ሁለት ቃላት ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባውም።

እንግዲህ ዘመድ የሚለው ቃል ደግ ወደሚለው የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያ «ካይንድ» የተባለው ሰው ከወገኑ የተወለደ፥ በተፈጥሮው የወገኑን ጠባይ የያዘ ሰው ነበረ። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ለዘመዱ ያዝናል። እናት ልጅዋን ለማጥባት የሌላ ሰው ትእዛዝ አትጠብቅም። ታላቅ ወንድም ታናሹ ሲወድቅ አይቶ፥ ባነሣው ምን አገኛለሁ? ብሎ አያስብም፤ ሮጦ ያነሣዋል። ስለዚህ 1300 ግድም በደረሰ ጊዜ፥ እንግሊዞች «ካይንድ» ሲሉ ዘመድ ለዘመዱ የሚያዝንበት ልብ ያለውን ሰው ማለት ጀመሩ። ከዚያም ወዲያ ቃሉ እየሰፋ ሄደ። ሰው ዘመዱ ላልሆነው እንኳ እንደ ዘመዱ ቢያዝንለት፥ ይህ ሰው «ካይንድ» ነው ተባለ። ዝምድናው ቀርቶ ሥራው ብቻ ስሙን ወረሰ።

፫። ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ሁለት ወንዞች

የአማርኛ ተማሪ ይህን ታሪክ ለማስተዋል ይቀናዋል፤ ምክንያቱም አማርኛም ተመሳሳይ ቃል አለው። ይኸውም «ወገን» የሚለው ነው። ወገን ማለት ዘመድ ነው፤ ወገን ማለት ደግሞ ዓይነት ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ፥ የሣርና የዛፍ የእንስሳም ዓይነት በ«ካይንድ» ተጠርቷል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ስፍራ የገባው ቃል «ወገን» ነው። ሁለቱ ቃላት በዚህ ቦታ እንደ ሁለት እኩል ሚዛን ናቸው።

ነገር ግን ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። ከእንግሊዝኛው ቃል ደግ የሚለው ትርጓሜ ወጣ። ከአማርኛው ወገን ግን «ወገንተኛ» የሚለው ቃል ወጣ፤ ይህም ለራሱ ወገን የሚያደላ፥ እውነትን ትቶ ዘመዱን የሚደግፍ ሰው ማለት ነው። እንግሊዞችም ቢሆኑ ይህን ክፉ መንገድ አያውቁትም ማለት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት «ኔፖቲዝም» የሚል ቃል ወደ ቋንቋቸው ገብቷል። ቃሉ የመጣው የወንድምና የእኅት ልጅ ከሚባልበት ከጣልያን ቃል ነው፤ በሮም የነበሩ አንዳንድ ሊቃነ ጳጳሳት ለወንድምና ለእኅት ልጆቻቸው ሹመትና ሀብት ይሰጡ ስለ ነበረ፥ ለዘመድ ማድላት በዚህ ስም ተጠራ።

እንግዲህ ዘመድን መውደድ እንደ ምንጭ ነው፤ ከእርሱም ሁለት ወንዝ ሊወጣ ይችላል። ፍቅሩ በዘመድ ላይ ብቻ ታጥሮ ቢቀር አድልዎ ይሆናል። ዳኛው በደለኛውን የአጎቴ ልጅ ነው ብሎ ነፃ ቢያወጣው፥ ለዘመዱ አዘነ፤ የተበደለውን ግን ሁለተኛ በደለው። ፍቅሩ አጥሩን አልፎ ወደ ሌላው ሰው ቢፈስስ ግን ደግነት ይሆናል። ዘመድን መውደድ ክፉ አይደለም፤ በዚያ ማቆም ነው ክፉው።

ዝምድና ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርገው እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ዊልያም ሼክስፒር አስተውሎታል። እርሱ በ1564 ተወልዶ በ1616 ሞተ። ሐምሌት በተባለው የቲያትር ድርሰቱ ውስጥ፥ አባቱ የሞተበት ልዑል አጎቱ እናቱን አገባበት። አጎት የነበረው እንጀራ አባት ሆነ፤ ዝምድናው እጥፍ ሆነ፤ ልቡ ግን የዘመድ ልብ አልነበረም። ሼክስፒር በዚህ ስፍራ «ኪን»ንና «ካይንድ»ን ጐን ለጐን አቁሞ፥ ድምፃቸው ሲቀራረብ ነገራቸው እንደሚራራቅ ያሳያል።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ ምንም ዝምድና የሚደረግ ደግነት አለ። በሐዋርያት ሥራ በ28ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ጳውሎስና ከእርሱ ጋራ የነበሩት መርከባቸው ተሰብሮባቸው መላጥያ በምትባል ደሴት ወጡ። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ነበሩ። የደሴቲቱ ሰዎች አያውቋቸውም፤ በነገድም አይገናኙም። ነገር ግን ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ እሳት አንድደው ሁሉን ተቀበሏቸው። የ1611 ተርጓሚዎች ይህን ሥራ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ስሙን «ካይንድነስ» አሉት። ቃሉ ከነገድ ወጥቶ ወደ እንግዳ እንደ ተሻገረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በኢትዮጵያም ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፥ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ ብሎ የመለመኑ ልማድ ከጥንት የቈየ ነው። ባለቤቱም የማን ዘመድ እንደ ሆነ ሳይመረምር እግሩን አሳጥቦ፥ እራት አብልቶ፥ መኝታ ሰጥቶ ያሳድረዋል። ይህን ሥራ በእንግሊዝኛ ለመጥራት የሚፈልግ ተማሪ ከ«ካይንድነስ» የተሻለ ቃል አያገኝም።

፬። ተመሳሳይ ቃላትና ልዩነታቸው

እንግሊዝኛ ደግነትን የሚጠራበት ቃል ብዙ ነው። ምክንያቱም በ1066 የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ስለ ነገሠ፥ በመኳንንቱ ቤት የፈረንሳይ ቋንቋ ገባ፤ ሊቃውንቱም ከላቲን ብዙ ቃል ወሰዱ። ስለዚህ ለአንድ ነገር ከሳክሶኖች የቀረ ቃልና ከፈረንሳይ ወይም ከላቲን የመጣ ቃል አብረው ይገኛሉ። አማርኛም ደግነት ከሚለው ቃሉ ሌላ፥ ርኅራኄና ምሕረት የሚሉትን ቃላት ከግዕዝ ወርሶ እንደ ያዘ፥ እንዲሁ ነው።

ፒተር ማርክ ሮጄ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እነዚህን ተመሳሳይ ቃላት በየነገራቸው መሰብሰብ የጀመረው በ1805 ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው ግን በ1852፥ ዕድሜው 73 ዓመት ሲሆን ነው። ስሙንም በግሪክ ቃል ግምጃ ቤት አለው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ እየታደሰ ይታተማል። ነገር ግን በአንድ ግምጃ ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ አንድ ዋጋ እንደሌለው፥ ተመሳሳይ ቃላትም ሁሉ አንድ አይደሉም። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

«ጄንትል»፦ ነገድ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በመጀመሪያ ከመልካም ዘር የተወለደ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ግን ገር፥ ለስላሳ፥ የማይቈጣ ማለት ነው። ሐኪም የታመመውን ቍስል ሳያሳምም ቢያጥበው እጁ «ጄንትል» ነው ይባላል። የጨዋ ልጅ የሚለው የአማርኛ አነጋገርም እንዲሁ ስለ ትውልድ ይነገር ነበር፤ ዛሬ ግን በጠባዩ ለታረመ ሰው ሁሉ ይነገራል።

«ጄነረስ»፦ ይህም በላቲን ከከበረ ዘር የተወለደ ማለት ነበረ። ዛሬ ለጋስ፥ እጁን ለመስጠት የማያጥፍ ማለት ነው። ሁለት እንጀራ ያለው ሰው አንዱን ቢሰጥ «ጄነረስ» ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ «ካይንድ»፥ «ጄንትል»ና «ጄነረስ» ሦስቱም በጥንት ዘመን ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ የሥሩም ትርጓሜ መውለድ ነው። ሦስቱም ከልደት ተነሥተው ወደ ሥራ ደረሱ።

«ሂዩሜን»፦ ሰው ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሰብአዊ ማለት ነው። እስረኛን በረኃብ የማይቀጣ፥ አህያን ከጉልበትዋ በላይ የማይጭን ሰው «ሂዩሜን» ነው።

«ቤኔቮለንት»፦ በጎ የሚመኝ ማለት ነው። ሥራው ገና ሳይታይ በልብ ያለውን በጎ ፈቃድ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ ለድሆች ስለሚረዱ ማኅበሮችና ባለጠጎች ይነገራል።

«ኮምፓሽኔት»፦ አብሮ መከራ መቀበል ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የሌላው ሕመም የሚያመው ሰው እንዲህ ይባላል። በአማርኛ ርኅሩኅ የሚለው ይስማማዋል።

«ፖላይት»፦ የተወለወለ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ትሑት አነጋገርና መልካም ሥርዓት ያለው ሰው «ፖላይት» ይባላል። ይህ ቃል ከውጭ የሚታየውን ይነግራል እንጂ የልብን አይነግርም። ሰው እጅ ነሥቶ፥ እንደምን ዋሉ ብሎ፥ በልቡ ግን ክፉ ሊያስብ ይችላል። እንዲህ ያለው «ፖላይት» ነው፤ «ካይንድ» ግን አይደለም።

«ናይስ»፦ የዚህ ቃል ታሪክ ያስቃል። የመጣው አላዋቂ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ በ14ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ሞኝ ማለት ነበረ። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ደስ የሚያሰኝ ማለት ሆነ። ዛሬ ስለ ሰውም ስለ ምግብም ስለ ቀሚስም ይነገራል። ለሁሉ ስለሚሆን ለማንም ጠልቆ አይነገርም።

«ጉድ»፦ መልካም ማለት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ነው። መልካም ሰው፥ መልካም ቢላዋ፥ መልካም መንገድ ሁሉ በዚህ ይጠራሉ። በአማርኛ ጉድ ከሚባለው ጋራ በድምፅ ብቻ ይገናኛል፤ ተማሪው ሁለቱን እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ።

የእነዚህን ቃላት ልዩነት አንድ ምሳሌ ይገልጠዋል። አንድ ድሀ ወደ ሦስት ሰዎች ደጅ ሄደ። አንደኛው በትሕትና፥ ዛሬ የለኝም፥ እግዚአብሔር ይስጥህ አለው፤ ይህ «ፖላይት» ነው። ሁለተኛው ፊቱን ሳያይ ብዙ ገንዘብ ወረወረለት፤ ይህ «ጄነረስ» ነው። ሦስተኛው አስገብቶ አስቀመጠው፥ ካለው ጥቂት አብሮት በላ፥ ስለ ሕመሙም ጠየቀው፤ ይህ «ካይንድ» ነው። ብዙ የሰጠው ሁለተኛው ነው፤ እንደ ዘመድ ያየው ግን ሦስተኛው ነው።

ከልደት ይልቅ ሥራ እንደሚበልጥ ጄፍሪ ቾሰር የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ አስቀድሞ ጽፎአል። እርሱ የሞተው በ1400 ነው። የካንተርበሪ ተረቶች በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ፥ አንድ ባላባት ወታደር አንዲት ድሀ አሮጊት ለማግባት ተገደደ፤ ዝቅተኛ ትውልድዋንም አይቶ ናቃት። አሮጊቲቱም እውነተኛ ጨዋነት ከአያት የሚወረስ ሀብት ሳይሆን በበጎ ሥራ የሚገኝ መሆኑን አስረዳችው። መኳንንት ለራሳቸው መመኪያ ያደረጉትን ቃል ሕዝቡ እንዲህ ወስዶ ለሠራው ሰው ሰጠው።

፭። በዓይነቱ መመለስ

አሁን አንድ አነጋገር ቀርቷል። እንግሊዞች «ኢን ካይንድ» ይላሉ፤ በዓይነት ማለት ነው። ሰው ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በእህል ወይም በማር ቢከፍል «ኢን ካይንድ» ከፈለ ይባላል። በጥንት ዘመን በኢትዮጵያም ግብር በእህል፥ በማርና በከብት ይከፈል ነበር፤ በአማርኛም በዓይነት ከፈለ ይባላል።

ይህ አነጋገር ደግሞ ስለ ጠብ ይነገራል። አንድ ሰው ቢሰድብ፥ የተሰደበውም ቢሰድበው፥ ስድቡን «ኢን ካይንድ» መለሰለት ይባላል፤ የተቀበለውን በዚያው ዓይነት ከፈለ ማለት ነው። እንግዲህ ተማሪው ያስተውል። «ካይንድ» የሆነ ሰው ክፉውን «ኢን ካይንድ» የማይመልስ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው።

በአንድ የትምህርት ቤት ከሩቅ አውራጃ የመጣ ልጅ ገባ። ቋንቋው ሌላ ስለ ነበረ በንባብ ጊዜ ይሰናከል ነበር። በአጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ንባብ ያውቅ ነበርና በየጊዜው ይስቅበት፥ አነጋገሩንም እየመሰለ ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር። እንግዳው ልጅ በእረፍት ጊዜ ከግንብ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ማታም በመኝታው ፊቱን ሸፍኖ ያለቅስ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቍጥር ትምህርት ከበደ። ንባብ አዋቂው ልጅ ክፍልፋይ የሚባለውን ሒሳብ ፈጽሞ ማስተዋል አቃተው፤ እንግዳው ልጅ ግን በፍጥነት ይሠራው ነበር። መምህሩ ንባብ አዋቂውን ወደ ሰሌዳው ጠርቶ ባቆመው ጊዜ ልጁ ዝም አለ፤ ተማሪዎቹም ሳቁ። እንግዳው ልጅ አልሳቀም። ያን ቀን ሊስቅ ይችል ነበር፤ ብዙ ዕዳ ነበረበትና በዓይነቱ ሊከፍል ይችል ነበር። ማታ ግን ከሣጥኑ ብርቱካን አውጥቶ ወደዚያ ልጅ ሄደ፥ ብርቱካኑንም ከፍሎ፥ ግማሹ ይህ ነው፥ ሩቡ ይህ ነው እያለ አስተማረው። ሲጨርሱም ተካፍለው በሉት።

ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳውን በንባብ ረዳው። ይቅርታም ለመነው። ነገር ግን ይህ ባይሆን እንኳ፥ እንግዳው ልጅ ያደረገው ነገር ስሙን አያጣም ነበር። «ካይንድ» የሚያሰኘው ብድራት ማግኘቱ አይደለም፤ ዘመዱ ያልሆነውን፥ ይልቁንም የበደለውን፥ እንደ ወንድም ማየቱ ነው።

ምክር

የ«ካይንድ»ን ፊደል መጻፍ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ትርጓሜውን መሥራት ግን የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። ተማሪ ስለ ጓደኛው ሲናገር ትክክለኛውን ቃል ይምረጥ፤ ትሑቱን ለጋስ፥ ለጋሱን ርኅሩኅ አይበል፤ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር እውነት ይጎድላል። ደግሞም ቤተ ዘመዱን ይውደድ፤ ፍቅሩን ግን በቤተ ዘመዱ አጥር አይዝጋ። አባቶች፥ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለዋል። ጎረቤት ማለትም በአጠገብ ያለውና እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

የቃላት ፍች

ተመሳሳይ ቃል፦ በትርጓሜ ከሌላ ቃል ጋራ የሚቀራረብ ቃል።
ነገድ፦ ከአንድ አባት የተወለደ ሕዝብ።
አድልዎ፦ ፍርድን ወይም ጥቅምን ለአንድ ወገን ማጋደል።
ግምጃ ቤት፦ የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት።
ብድራት፦ ለተደረገ ነገር የሚመለስ ዋጋ።
ክፍልፋይ፦ የአንድ ሙሉ ነገር ከፊል፥ እንደ ግማሽና እንደ ሩብ ያለ።

ጥያቄ

1. «ካይንድ» የሚለው ቃል ዛሬ ያሉት ሁለት ዋና ትርጓሜዎች ምንና ምን ናቸው?
2. ዘመድ ከሚለው ትርጓሜ ደግ ወደሚለው እንዴት ተሻገረ?
3. ወገንተኛ በሆነና «ካይንድ» በሆነ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
4. ወደ ሦስት ደጆች ከሄደው ድሀ ምሳሌ፥ «ፖላይት»፥ «ጄነረስ»ና «ካይንድ» እንዴት ይለያያሉ?
5. እንግዳው ልጅ ሳቁን በዓይነቱ ቢመልስ ኖሮ ማን ይጐዳ ነበር? ለምን?